አሻራ የሌላቸው አማቴና የስልክ ትኬት

ለክቡር የከተማ አውቶቡስ አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በተለይም ለስልክዎ ጤና እመኛለሁ። ባትሪው ከግማሽ በታች እንዳይወርድ፣ ኔትወርኩ ጎንበስ ቀና ሳያሰኝዎ እንዲገኝልዎ፣ መስታወቱም ሳይሰነጠቅ ዓመት ከዓመት እንዲያሸጋግርዎ ከልብ እመኛለሁ፤ ምክንያቱም እርስዎ ባወጡት መመሪያ መሠረት ሰውዬው ጤነኛ ሆኖ ስልኩ ከታመመ ከሰፈሩ መውጣት እንደማይችል በቅርቡ ተምሬአለሁ።

ማን እንደሆንኩ ለማወቅ ጊዜዎን እንዳያባክኑ በአጭሩ ልናገር። ከገበያው ጀርባ፣ በአሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ መስመር ዘጠነኛው ፌርማታ አጠገብ፣ ክር፣ ዚፕ፣ ላስቲክ፣ ገበርና የልብስ ቁልፍ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ሱቁን የምንመራው እኔና እናቱ ነን፤ እኔ ከባንኮኒው ኋላ እቆማለሁ፣ አማቴ ደግሞ መስኮቱ ሥር ባለችው ዝቅተኛ ወንበራቸው ተቀምጠው ደንበኛ ላመጣው ልብስ ቁልፍ ይተክላሉ፣ ጠርዝ ይዘመዝማሉ። ዕድሜያቸው ሰባ አራት ነው። መርፌ የያዙት በሃያ ሁለት ዓመታቸው ሲሆን፣ እስከ ዛሬ አላስቀመጡትም።

ማስታወሻ ደብተር የመያዝ ልማድም አለኝ። በየጠዋቱ ሱቁን ከመክፈቴ በፊት ያለፈውን ቀን በሁለት በሦስት መስመር እጽፋለሁ፤ ማን መጣ፣ ምን ጠየቀ፣ ዝናብ ነበር ወይስ ፀሐይ። ይህን የምነግርዎ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በንዴት የተጻፈ እንዳይመስልዎ ነው። የምናደድበትን ነገር አንድ ቀን አሳድሬ ስለምጽፈው፣ ደብተሬ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ከወሩ መጀመሪያ አንስቶ በአውቶቡሶችዎ ላይ ሳንቲምና የወረቀት ትኬት ቀርቶ ሁሉም በስልኩ እንዲከፍል ያዘዙ ጊዜ፣ ከመንገዱ ዳርና ዳር ካሉት ነጋዴዎች ሁሉ መጀመሪያ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ይህን ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የምናገረው። ዝርዝር ሲጠፋ የሚነሳውን ጭቅጭቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መተግበሪያውን በመጀመሪያው ቀን ስልኬ ላይ ጫንኩ፤ በሁለተኛው ቀን ጎረቤቴን ዳቦ ሻጯን አስተማርኳት፤ በሦስተኛው ቀን አማቴን ላስተምር ተቀመጥኩ። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ከሦስተኛው ቀን ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጣት።

ለአማቴ ስልክ ገዛሁላቸው፤ ሰማያዊ ነው፣ ከኪሳቸው እንዳይወድቅ እሳቸው ራሳቸው የጨርቅ ማኅደር ሰፉለት። መተግበሪያው ስም ጠየቀ፣ ሰጠነው። የልደት ዘመን ጠየቀ፣ ሰጠነው። ከዚያ «ጣትዎን ያሳርፉ» አለ። አማቴ የቀኝ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ፤ «አልታወቀም» አለ። ግራውን አሳረፉ፤ «አልታወቀም» አለ። አሥሩንም ተራ በተራ ካሰለፉለት በኋላ እጃቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተን ብናይ፣ ክቡር ሆይ፣ የጣቶቻቸው ጫፍ እንደ ታጠበ ሳህን ልሙጥ ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ መርፌ ሲገፉበት፣ ክር ሲስቡበት፣ ጨርቅ ሲፈትጉበት አሻራቸው አልቋል። እኔ ደነገጥኩ፤ እሳቸው ግን እስኪያስላቸው ሳቁና «ይህን ቀደም ብዬ አውቄ ቢሆን ኖሮ ሌባ እሆን ነበር እንጂ ሰፊ አልሆንም ነበር» አሉ።

ወደ ምዝገባ መስኮትዎ ይዣቸው ሄድኩ። ባለሙያዎ ትሁት ወጣት ነው፤ ጣታቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ፣ ቀጥሎ በቅባት እንዲያሹ፣ ቀጥሎ በደረቅ ጨርቅ እንዲጠርጉ ካደረገ በኋላ፣ «እናቴ፣ ጣትዎን ለሁለት ሳምንት ሥራ አያሠሯቸው፤ ሊመለስ ይችላል» ብሎ መከራቸው። ስለ ምክሩ አመሰግናለሁ። አማቴ ለባለሙያ አክብሮት ስላላቸው አንድ ቀን ሙሉ ሞከሩት። ሱቁ ውስጥ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ፎቶ አንሺ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብለው ዋሉ። በዚያች ቀን ሦስት ደንበኞች ወደ እኔ ተጠግተው ማን እንደሞተ ጠየቁኝ። በማግሥቱ ወደ መርፌያቸው ተመለሱ፤ አሻራቸው ግን ከሄደበት አልተመለሰም።

ሁለተኛ፣ ስለ ራሴ ጥፋት።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናዘዝ፤ ደብተሬም ይመሰክርብኛል። እኔ የማይከፈት ሳጥን ሲያጋጥመኝ ማን ሠራው ብዬ አልቆምም፤ የሚከፍተውን እፈልጋለሁ። ስለዚህ በአማቴ ስልክ ላይ የራሴን አውራ ጣት አሳረፍኩ። ስልኩም «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ በአማቴ ስም ጠራኝ። እኔ ጎበዝ መሆኔን፣ አማቴም ምራታቸው ጎበዝ መሆኗን አምነን ያን ቀን ደስ ብሎን ዋልን።

መተግበሪያዎ በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ ጣት እንደሚጠይቅ የገባን በማግሥቱ አውቶቡስ በር ላይ ቆመን ነው። የአማቴ ስልክ የሚከፈተው በእኔ ጣት ብቻ ሆነ ማለት ነው፤ ስለዚህ እሳቸው የሚሄዱበት ቦታ ሁሉ ጣቴ አብሮ መሄድ ነበረበት፣ ጣቴ በሄደበት ደግሞ እኔም መቅረት አልቻልኩም። ለአሥራ ሁለት ቀናት፣ ከአንድ ረቡዕ በቀር፣ በየጠዋቱ ሁለታችን አንድ በር ላይ ተገትረን፣ እኔ የራሴን ስልክ ከፍቼ በሩ አጠገብ ያለው የትኬት ማንበቢያ ላይ አስጠግቼ፣ የሳቸውን ከማኅደሩ አውጥቼ፣ ጣቴን አሳርፌ፣ አስጠግቼ፣ መልሼ እከት ነበር። ከኋላችን የተሰለፈው ሕዝብ መጀመሪያ ተነጫነጨ፣ ቀጥሎ ለመደን፣ በመጨረሻ ስም አወጣልን። «ባለ አንድ ጣቶቹ መጡ፣ ቦታ ልቀቁላቸው» ይሉን ነበር።

እርስዎ የማያውቁት አንድ ነገር አለ፤ መኪና ስላለዎት አልፈርድብዎትም። አማቴ በዚህ መስመር ሠላሳ አንድ ዓመት ተመላልሰዋል፤ ሁልጊዜም ብቻቸውን። የማለዳውን አውቶቡስ የሚይዙት እኔ ገና ፀጉሬን ሳላበጥር ነው። ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር የሳቸው ነው፤ ማንም ጽፎ አልሰጣቸውም፣ ማንም ግን አይቀመጥበትም። የድሮዋ ትኬት ቆራጭ ሳንቲማቸውን ሳትቆጥር ትቀበላቸው ነበር፤ የቀሚሷ ስፌት ከተተረተረም እዚያው እንደቆመች ያያይዙላት ነበር። ባለቤታቸው የሞቱ ጊዜ እንኳ ከሰባት ቀን በኋላ ብቻቸውን ተሳፍረው ሥራ ገቡ። እናም በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን፣ በር ላይ ስልካቸውን ከኪሳቸው ሳወጣ ቀስ ብለው «ልጄ፣ በሠርግሽ ቀን እንኳ እንዲህ እጄን ይዘሽ አልወሰድሽኝም» አሉኝ። ቀልድ ነው ብዬ ሳቅሁ። ደብተሬ ላይ ስጽፈው ግን ቀልድ ሆኖ አልተጻፈልኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ ረቡዕ።

ረቡዕ ዕቃ ላመጣ ወደ ጅምላ መደብር በማለዳ ወጣሁ። አማቴ «አንድ ቀን ልረፍ» ስላሉኝ አመንኳቸው። የሆነውን ከሁለት ቀን በኋላ የሰማሁት ከዳቦ ሻጯ ነው። እሳቸው አላረፉም። ካፖርታቸውን ለብሰው ፌርማታው ላይ ቆሙ፤ ሳንቲማቸውን እንደ ድሮው በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው ይዘው ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ እንደ ድሮው ልሂድ ብለው ነው። አውቶቡሱ መጣ። የድሮዋን ትኬት ቆራጭ አሁን በጀርባዋ «ልርዳዎት?» የሚል የተጻፈበት ቢጫ ሰደርያ ታለብሷታላችሁ፤ እሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሳንቲሙን እንዳትቀበል ተከልክላለች። በራሷ ስልክ ልትከፍልላቸው ብትሞክር ማንበቢያው በአንድ ስልክ ከአንድ ሰው በላይ አላስገባም ብሎ ጮኸ። «እማማ፣ እኔ እኮ አይደለሁም፤ ሲስተሙ ነው» አለቻቸው፤ እሳቸው ደግሞ «አውቃለሁ ልጄ፣ ሂጂ፣ ሰው ይረፍድበታል» ብለው ከደረጃው ወረዱ። አውቶቡሱ ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር ባዶውን ይዞ ሄደ። በዚያው ማታ ቤት ስገባ ስለ ቀኑ ስጠይቃቸው «ጉልበቴን ትንሽ ብድግ ቁጭ ማለት አስቸግሮኝ ነበር» አሉኝ።

ስለ ሰደርያው ግን ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ጨርቁ ጥሩ ነው። ጽሑፉን በጀርባዋ ላይ ማድረግዎም ትክክል ነው፤ «ልርዳዎት?» የሚለውን ሰው የሚያነበው እሷ ፊቷን ካዞረች በኋላ ነውና።

አራተኛ፣ ስለ አለመኖር።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን በሁለቱም ስልኮች ላይ አንድ ዓይነት መልእክት መጣ። «ባልተለመደ እንቅስቃሴ ምክንያት መለያዎ ታግዷል» ይላል። ከሦስት ቀን በኋላ በመልእክተኛ ቤታችን ድረስ የመጣው ደብዳቤዎ ነገሩን አብራራልን፤ አንድ አውራ ጣት በሁለት ስም ስለተገኘ፣ ከሁለቱ ተሳፋሪዎች አንዷ በእውን የሌለች፣ ለአረጋውያን የተፈቀደውን ግማሽ ዋጋ ለመጠቀም ሲባል የተፈጠረች ስለመሆኗ ጥርጣሬ አለ፤ የሌለችውም በዕድሜ የገፋችው ሳትሆን አትቀርም።

ክቡር ሆይ፣ ስለዚህ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። በትዳሬ የመጀመሪያ ዓመታት፣ ምነው አማት የሚባል ባልኖረ ብዬ የተመኘሁባቸው ቀናት ነበሩ፤ የድሮ ደብተሮቼን ብገልጥ አላጣቸውም። መሥሪያ ቤትዎ ምኞቴን ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በማኅተምና በፊርማ አስደግፎ ፈጸመልኝ። የሚያሳዝነው አሁን ያለ እሳቸው ሱቁም ቤቱም እንደማይሆንልኝ ካወቅሁ በኋላ መሆኑ ነው። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው አማቴ መነጽራቸውን አውልቀው አሰቡና «ታዲያ የሌለሁ ከሆንኩ ዛሬ እራቱን ማን ሊሠራ ነው?» አሉ። ሠሩትም፤ ለሌለ ሰው ጨው አላሳነሱም።

ከእገዳው ወዲህ ግን ቤት ከዋሉ ዘጠኝ ቀን ሆኗቸዋል። እኔ ሱቁን በእግሬ እመላለሳለሁ፣ ስድስት ፌርማታ ብቻ ነው። እሳቸው ሥራውን ቤት አምጪልኝ ብለው መስኮት ሥር ይሰፋሉ፤ አሥራ አራት ቁጥር በመስኮቱ በኩል ባለፈ ቁጥር መርፌው ይቆማል፣ አውቶቡሱ ካለፈ በኋላ ይቀጥላል። ትናንት ካመጣሁላቸው አምስት ሸሚዝ ሁለቱን ሳይነኩ መለሱልኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሥራ ሳይጨርሱ ሲመልሱ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። የምጽፍልዎ ስለ እገዳው እንዳይመስልዎ፤ የምጽፍልዎ ስለነዚያ ሁለት ሸሚዞች ነው።

አምስተኛ፣ ስለ ቀጠሮው።

ደብዳቤዎ በአሥር ቀን ውስጥ አማቴን ይዤ በዋናው ቢሮ በአካል ቀርቤ መኖራቸውን እንዳስረዳ፣ ካልቀረብኩ ስማቸው ለሁልጊዜ እንደሚሰረዝ ያዛል። ዋናው ቢሮ የሚገኘው በአሥራ አራት ቁጥር መስመር መጨረሻ ፌርማታ ላይ ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ለአውቶቡስ ብቻ ተብሎ ከተከለለ ሁለት ዓመት ስለሆነው ታክሲ አይገባበትም። አውቶቡሱ ደግሞ የታገደ ሰው አያሳፍርም። ይህን ቀጠሮ ያረቀቀውን ሰው በአካል አይቼ ለመጨበጥ ጉጉት አለኝ፤ እንዲህ ያለውን ቋጠሮ አማቴም ቢሆኑ በአንድ ክር አይቋጥሩትም።

በስልክ ላስረዳ ብዬ ወደ ጥሪ ማዕከላችሁም ደውዬ ነበር። አንድ ቁጥርን ተጫንኩ፣ ሦስትን ተጫንኩ፣ ሙዚቃ ሰማሁ፤ በመጨረሻም ስልኬ የታገደ ስለሆነ አገልግሎት እንደማላገኝ የሚናገር ጥሩ ድምፅ ያላት ሴት ሰማሁ። ስለ ድምፅዋ አመሰግናለሁ።

ነጋዴ ነኝና ቅሬታ ብቻ ተሸክሜ አልመጣም፤ ሐሳብም አለኝ። በእኔ ሱቅ በስልክ የሚከፍል አለ፣ ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍልም አለ። አንዱን ስለወደድኩ ሌላውን ከበር መልሼ አላውቅም፤ ብመልሰው ዚፑን ከማዶ ካለው ሱቅ ይገዛል። የእርስዎ ዕድለኛነት ማዶ ሌላ አውቶቡስ አለመኖሩ ነው። በእያንዳንዱ አውቶቡስ ላይ አንዲት የሳንቲም ሣጥን፣ ወይም ጣት የማትጠይቅ አንዲት ካርድ፣ ይህም ካልሆነ ያችን ባለ ሰደርያ ሴት «ይህችን ሴት አውቃታለሁ፣ አሳፍሯት» የማለት ሥልጣን ይስጧት። የመጨረሻው ምንም ወጪ የለበትም፤ ምናልባት ያልታሰበውም ለዚህ ይሆናል።

እስከዚያው ትእዛዝዎን ለመፈጸም ወስነናል። በመጪው ሐሙስ፣ ቀጠሮው በሚያበቃበት ዕለት፣ በእግራችን እንመጣለን። ከቤታችን እስከ ቢሮዎ አሥራ ስድስት ፌርማታ ነው። አማቴ መንገዱን በልባቸው ስለሚያውቁት የት የት እንደምናርፍ ነግረውኛል፤ አሥራ አንዱ ፌርማታ አግዳሚ ወንበር አለው፣ አምስቱ የለውም፣ ለአምስቱ የሱቁን ዝቅተኛ ወንበር እኔ እሸከማለሁ። ከነገርኳቸው ጀምሮ ካፖርታቸውን ተኩሰው ሰቅለዋል፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ የመለሱልኝን ሁለት ሸሚዞች መልሰው ጠየቁኝ።

ብቻችንን የምንመጣ መስሎን ነበር። ወሬው ግን በዳቦ ሻጯ በኩል ስላለፈ ከእርስዎ ማስታወቂያ ቀድሞ ሁሉም ጋ ደርሷል። ስድስተኛው ፌርማታ ላይ ኖራና ሲሚንቶ ጣቱን የላሰው ጡረተኛ ግንበኛ ይጠብቀናል። ሰባተኛው ላይ አርባ ዓመት የሰው ልብስ ያጠቡ ሁለት እህትማማቾች አሉ። ዘጠነኛው ላይ አናጢው አለ። እየተጨመረ እየተጨመረ ሄዶ ትናንት ስንቆጠር አሥራ አንድ ሆነናል፤ እኔን ሳይጨምር፣ የእኔ አሻራ በደንብ ይታወቃልና። ይዘውልዎ የሚመጡት ጣት በጠቅላላው አንድ መቶ ስምንት ነው፤ አናጢው ሁለቱን ለመጋዝ ስለሰጠ ነው የጎደለው። በአንዱም ላይ መሣሪያዎ የሚያነበው ነገር አያገኝም። የቢሮዎ ግድግዳ፣ የለበሱት ሸሚዝና የተቀመጡበት ወንበር ግን የአንዳቸውን እጅ ሳያይ እርስዎ ዘንድ የደረሰ አይመስለኝም።

የምንደርሰው ከምሳ በኋላ ይሆናል። አሥራ አንድ ወንበር እንዲያሰናዱልን በትሕትና እለምናለሁ፤ አማቴን ከበሩ አጠገብ ሳይሆን ከፊት ያስቀምጡልኝ፣ ከፊት መቀመጥ ልማዳቸው ነው።

ጊዜዎን ሰጥተው እስከዚህ ስላነበቡ እጅ እየነሳሁ፣ በአሥራ አራት ቁጥር መስመር በእግሬ የምጓዝ፣ በመዝገብዎ መሠረት አንድ ጣትና ሁለት ነፍስ ያለኝ፣ ለጊዜው ግን አንዷም የማታሳፍረኝ፣

የክርና የቁልፍ ነጋዴዋ፤ የሌሉት ሴትዮ ምራት

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤዎን ያመጣው መልእክተኛ ሲመለስ የስልኩ ባትሪ አልቆ አውቶቡሱ ስላላሳፈረው ከበራችን ተነስቶ አሥራ ስድስቱን ፌርማታ በእግሩ ሄዷል፤ ከሥራ ገበታው ዘግይቶ ከነበረ እባክዎ አይቅጡት። ከመሄዱ በፊት አማቴ የግራ እጅጌው ቁልፍ መውደቁን አይተው እንዲቀመጥ አዘዙትና በግራጫ ክር ተከሉለት። መኖራቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ከሐሙስ በፊት ካስፈለገዎ እጅጌውን ይጎትቱና ይሞክሩት፤ እጅጌው ይቀደዳል እንጂ ቁልፉ አይነቀልም።